ዐሥራ አንድ ከሩብ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እኛ ሰፈር፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ሴት ልጅ ወይ ባሏን ወይ ሱቋን ይዛ የምትገኝበት ዕድሜ ነው። እኔ የነበረኝ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተር ነው። ጎኑን የከፈትኩት ስለሚግል ነው፤ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊቱ አስቀምጬ ቀን ቀን እንደ ትኩሳታም ሰው አናፍሰዋለሁ። አክስቴ በበሩ ባለፈች ቁጥር አንገቷን አስግጋ «ዛሬስ ተሻለው?» ትለኛለች።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔም እትዬ እላታለሁ። ሥራዋ ዓሣ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳ ከጀልባ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ትረከባለች፤ ቆዳውን ገፍፋ አጥንቱን አውጥታ ፊሌቶ ታደርገውና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የተረፈው እቤት ፍሪዘር ውስጥ ያድራል። እሷ ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴን አትጾምም። ደንበኞቿ ግን ይጾማሉ፤ በጾም ሥጋ ቀርቶ ዓሣ ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ ሁዳዴ በገባ ቁጥር «እሰይ፣ እኛ ቤት ፋሲካ ገባ» ትላለች።

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ዐሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የሰርግ ጥሪ እየተየብኩ፣ ማሽን በተበላሸ ቁጥር «እስኪ አንቺ እዪው» እየተባልኩ፣ በዚያው ገባሁበት። እንግሊዝኛዬንም የለቀምኩት ኮምፒውተር ሲበላሽ ከሚጽፈው ላይ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የማውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ «አልተገኘም»፣ «አልተፈቀደም»፣ «አልተሳካም» የሚል ነበር። ፈረንጅ መንገድ ላይ «ደህና ነሽ?» ቢለኝ እደነብራለሁ፤ «ፋይሉ የለም» ቢለኝ ግን እንደ አፍ መፍቻዬ ነው። ከዚህ ሌላ የምስክር ወረቀት የለኝም። በሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «ከየት ነው የተመረቅሽው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ፣ የጠያቂው ዓይን ከኔ ላይ ተነሥቶ ከኋላዬ ወደ ቆመው ሰው ይሄድ ነበር።

ታዲያ በዚያ ሁዳዴ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው። ትልልቅ ሶፍትዌር ከምንጩ ሲሠራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚለኩ ሰዎች ይፈልጋል፤ ያውም ደካማ ማሽን ያላቸውን። ጠንካራውንማ እነሱም አላቸው። ማወቅ የፈለጉት በዓለም ጥግ አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚሠራ ሰው ምን ያህል ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ድህነቴ ተፈልጎ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ዲግሪ አልጠየቁም። ፈተናው አንድ ነው፦ የላኩትን ፕሮግራም በራስ ማሽን ላይ ከዜሮ ጀምሮ፣ ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ ሠርቶ፣ የጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት መላክ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ማታ።

«ምንድነው የሚሠራው?» አለችኝ አክስቴ።

«እትዬ፣ ፕሮግራም ሰው ሲጽፈው ጽሑፍ ነው። ማሽኑ እንዲገባው ተለውጦ ሌላ ነገር መሆን አለበት። መለወጡን ኮምፓይል ነው የሚሉት።»

«ሰው ሁሉ እቤቱ ይለውጣል?»

«አይ፣ ሰው የተዘጋጀውን አውርዶ ይጠቀማል።»

«እንግዲህ ቆጮው ገበያ ላይ እያለ፣ አንቺ እንሰቱን ከሥሩ ነቅለሽ፣ ፍቀሽ፣ ቀብረሽ ልትጠብቂ ነው።»

«አዎ። እስኪደርስ ምን ያህል እንደፈጀ ደግሞ እጽፋለሁ።»

«እንሰት ሲብላላ ሰዓት ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም።» ቀጥላም «ይከፍላሉ?» አለች።

«ከተቀበሉኝ፣ በየወሩ።»

«በይ ፋቂ።»

የጠየቀችው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ቱላ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው ወንድም አላት፣ አጎቴ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ያቺን ልጅ ላኪልኝ፣ ሱቅ ትያዝልኝ፤ ከሳጥን ጋር ስታወራ ልታረጅ ነው» እያለ ሲወተውታት ነበር። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆይ፣ ልጅቷ የያዘችው ነገር አለ» እያለች ስትመልሰው ኖራለች። በዚያ ዓመት ግን እሷም ደከማት መሰለኝ፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ወንድሟ ደግሞ ታላቅ ነው። እስከ ፋሲካ ታገሰኝ ብላዋለች። እኔ ይህን በመጋረጃ ጀርባ ሰምቻለሁ። እናም ያ ፈተና ለኔ የመጨረሻ በር ነበር። ከተዘጋ ቱላ ነው፤ ሚስማርና ቆርቆሮ ነው፤ ያ ሁሉ በራሴ እየዳከርኩ የለቀምኩት ነገር ለማንም ሳይጠቅም እላዬ ላይ ይሻግታል።

ማክሰኞ ጀመርኩት። ፊደሉ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ሲሮጥ፣ ማራገቢያው ሲጮኽ፣ ደስ ይል ነበር። ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ከዜሮ ነው ሕጉ፤ ያቋረጠውን ከመሃል መቀጠል አይቻልም። ሁሉንም አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። መብራት በማግስቱ መጣና እንደገና ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ሆነ። ቀና ብዬ ሳይ አምፖሉ እንደበራ ነው። ከጓዳ ፍሪዘሩ ያጉረመርማል። ያኔ ገባኝ፦ የቤታችን መስመር ቀጭን ነው፤ የፍሪዘሩ ሞተር ሲነሣ ኃይሉን ጎትቶ ይወስደዋል፣ የኔ ማሽን ትንፋሽ ያጥረውና ይሞታል። መብራት ሲቋረጥ ይዞ የሚያቆየው ባትሪማ ከሞተ ቆይቷል።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እሱ ነው እንዴ የገደለው?» አለች፣ በአገጯ ወደ ጓዳ እያመለከተች።

«እሱ ነው።»

«ነገ ይጥፋ።»

«እትዬ፣ በሁዳዴ? ዓሣውስ?»

«ትኩሱን በዕለቱ እንጨርሰዋለን። ግን እዚያ እስኪያልቅ የሚቆም ሰው ይፈልጋል፤ ይኼ ጉልበቴ ደግሞ ያን ያህል አይቆምልኝም። አንቺ ዓሣዬን ትይዣለሽ፣ እኔ ኮምፒውተርሽን እይዛለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ፍሪዘሩን ነቀልን። ማሽኑን አስነሣሁት። ከጠዋቱ አራት ከአርባ ነበር፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ግን የፈረንጅ ነውና 10:40 ይላል፤ ስልኬ ላይም እንዳየሁት 10:40 ብዬ ያዝኩት። ሲጨርስ የፈጀውን ጊዜ ራሱ ስክሪኑ ላይ እንዲያወጣ አዝዤዋለሁ። አክስቴን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

«ፊደሎቹ መሮጥ አቁመው ያቺ ትንሽ ነጭ ሳጥን ብቻዋን ብልጭ ድርግም ስትል፣ በስልክሽ ሰዓት ዓይተሽ ትደውይልኛለሽ። ሌላ ምንም አትንኪ።»

«ካቆሙ በኋላ ተመልሰው ቢሮጡስ?»

«ትንሽ ታገሺና እዪ።»

ወተት ጥዶ እንደሚጠብቅ ሰው እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊቱ ተቀመጠች። ትቻት ወጣሁ።

አሞራ ገደል ላይ ቢላ ይዤ ያየኝ ሁሉ ጉድ አለ። «ኢንጂነሯ መጡ! መንገድ ልቀቁ!» አለች አጠገቤ የምትገፈው ሴት። የአክስቴ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የሆኑ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን እያጠፉ «ልጄ፣ ቆዳውን በኪቦርድ ነው እንዴ የምትገፊው? ሥጋው ሁሉ አብሮ ሄደ እኮ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሳቁብኝ፣ ዛሬ ብቻ ነው።»

«ዛሬ ብቻማ ብዙ ሰው ብሎ ነው እዚሁ ያረጀው» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እግሬ ሥር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የምጥለውን አንጀት እየጠበቁ ቆመዋል፤ እኔም ልክ እንደ እነሱ አንድ ነገር እስኪጣልልኝ አንገቴን ደፍቼ እየጠበቅሁ ነበር።

ስልኩ ተደወለ።

«ቆመ!» አለች አክስቴ።

«ሳጥኗ ብቻዋን ናት?»

«አይደለችም። ዋርኒንግ፣ ዋርኒንግ ይላል። የሰው ስም ነው?»

አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን በራሷ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነበው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ትጠራዋለች።

«ማስጠንቀቂያ ነው፣ ተይው። አሁን ይሮጣል?»

«ኧረ ሮጠ።»

«እንግዲያ አልቆመም እትዬ።»

«እሱ አልቆመም፣ ልቤን ነው ያቆመው።»

ስንት ጊዜ እንደዚህ እንደደወለች አላስታውስም። ቀይ ጻፈ ብላ ደወለች። ማራገቢያው ሸተተኝ ብላ ደወለች። አንዴማ ምንም የምትለው ሳይኖራት ደውላ፣ «ብቻ እየሠራ ነው፣ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ደንበኛ ፊሌቶውን እየመዘነ ይጠብቃል፣ እኔ በዓሣ ቅርፊት በተለጠፈ እጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዣለሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዶ አዘነበለች። መብራት ይሄዳል ብዬ በየደቂቃው እጠብቅ ነበር። አዲስ ነገር አይደለም፣ ዕድሜዬን ሁሉ የኖርኩት ሊጠፋ ነው ብዬ እየጠበቅሁ ነው። የዚያን ቀን ግን አልሄደም።

በመጨረሻ ደወለች። ድምፅዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምታወራው ሆኗል።

«ሰጥ አለ። ሳጥኗ ብቻዋን ናት። ቆየሁ፣ ቆየሁ፣ አልተመለሰም። ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ከሩብ።»

«ዐሥራ አንድ ከሩብ?»

«ዐሥራ አንድ ከሩብ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።»

ዕልልታዬን ለቀቅሁት። ሽማግሌው «ምን ተገኘ?» አሉ። «እንሰቱ ደረሰ፣ ጋሼ!» አልኳቸው፤ ምን እንደምል አላወቁም፣ ግን ደስታዬን አይተው መረቁኝ። የቀሩትን ደንበኞች አስተናግጄ ሲመሽ፣ የተረፈውን ዓሣ በባልዲ ይዤ በባጃጅ ወደ ቤት ገሠገሥኩ።

ምሥራቅ ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው። መብራት ሄዷል። አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ ላይ ያለውን ኩራት በስልኳ ብርሃን አየሁት።

«እንደደወልኩልሽ ወዲያው ፍሪዘሩን ሰካሁ» አለች። «ኮምፒውተርሽንም አጠፋሁት። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ዋለ እኮ፣ ይረፍ ብዬ።»

ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ያወጣው የጊዜ ቆጠራ አብሮ ጠፍቷል። አልተቆጣኋትም። ምኑ ያስቆጣል? ሥራው አልቋል፣ ሰዓቱን ነግራኛለች፣ የጀመረበትን ይዣለሁ። ፈተናው የሚፈልገው ሁለቱን ብቻ ነው። ቅጹን ስልኬ ላይ ከፈትኩ፤ ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ሆኗል። አክስቴ በራሷ ስልክ አበራችልኝ። የማሽኑ ዓይነት፦ ጻፍኩ። የጀመረበት ሰዓት፦ ካስቀመጥኩበት አይቼ 10:40። ያለቀበት ሰዓት፦ ጆሮዬ ላይ ገና እንደ ዘፈን የሚያቃጭለውን 11:15። ላክሁት። አክስቴ እጄን ይዛ በሲዳሙ አፎ ጸለየች፤ ያላለቀውን ቆሮሶ በከሰል ጠብሰን በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ዓሣ የለም። ያን ጣዕም ለምን እንደማልረሳው አላውቅም፤ ብረሳው ይሻለኝ ነበር።

መልሱ ሰኞ መጣ። አጭር ነው። በላክሽው መሠረት ሥራው የፈጀው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፣ አንቺ በገለጽሽው ማሽን ላይ ይህ ሊሆን አይችልም፣ ማመልከቻሽን ዘግተነዋል የሚል ነው።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ? ደግሜ አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስገፍ አልዋልኩም እንዴ? ያ ሁሉ ስልክ? የሆነ ሰው ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኝ ይሆናል ብዬ የላክሁትን ከፈትኩ። 10:40። 11:15። ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ተቀምጠዋል።

አክስቴ የነገረችኝ የኛን ዐሥራ አንድ ነው። በፈረንጅ 17:15 ነው። ይህን ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላስበው ነው የምሠራው። ሆስፒታል ቀጠሮ፣ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ጎረቤት፣ የኮምፒውተር ሰዓት፣ ሰው «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ሲጠይቅ ፈጥኜ የምመልሰው እኔ ነኝ። ያን ማታ ግን ጆሮዬ የሰማውን እጄ ጻፈው፤ መሃል ላይ ማንም አልቆመም። መጀመሪያውን በነሱ ሰዓት፣ መጨረሻውን በኛ። በሁለቱ መካከል የነበረው ቀን፣ የኔ ቀንና የአክስቴ ቀን፣ ጠፋ።

ጻፍኩላቸው። እኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምሮ ነው፣ የናንተ አንድ ሰዓት ለኛ ሰባት ነው ብዬ፣ በዚያ ከስህተት መልእክት በለቀምኩት እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። መብራት ሲመጣ ማሽኑን ከፍቼ የመጨረሻው ፋይል የተጻፈበትን ሰዓት ፎቶ አንሥቼ አያያዝኩ፤ አክስቴ ከነገረችኝ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል። እሷ ቆይታ ነው ያየችው፣ እንደነገርኳት። እንደገና ልሥራውም አልኳቸው።

መለሱ። ጨዋዎች ናቸው፣ መለሱ። የፋይል ሰዓት በማንም ሊቀየር ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም፤ ጊዜውም አልፏል፤ መልካም ዕድል። አንድ ትእዛዝ ነው የፋይልን ሰዓት የሚቀይረው፤ እኔ ራሴ ዐውቀዋለሁ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነው የምለው። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እጨቃጨቅ ነበር። ያልተሳሳተን ሰው ምን ይሉታል?

ለአክስቴ መንገር ነበረብኝ።

«ዐሥራ አንድ ከሩብ አልነበረም?» አለች።

«ነበር።»

«አሳስቼሽ ነው?»

«አይደለም እትዬ። አንቺ ልክ ነሽ። እኔ ነኝ ወደ ፈረንጅ ሳልመልስ የጻፍኩት።»

«ስድስት ሰዓት ያህል ልዩነት?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ፀሐይዋ አንድ አይደለችም እንዴ?»

«አንድ ናት።»

 «እኔ ነኝ የነገርኩሽ» አለች። «በነሱ ነው የሚፈለገው ብለሽ ብትነግሪኝ ሰው ጠይቄ እነግርሽ ነበር። ሰዓት ማወቅ የማይችል ሰው ነው ያስቀመጥሽው።» ያልሆነ ነገር እንዳትናገር ለመንኳት፣ አቀፍኳት፤ በኛ የሚቆጥረውን የስልኳን ሰዓትና የኮምፒውተሩን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋት። አንገቷን ነቀነቀችልኝ። እንዳላመነችኝ ግን ዐውቃለሁ።

ፋሲካ ሲያልፍ አጎቴ መጥቶ ወሰደኝ። አልተኮሳተረም፣ አልተሳለቀም፤ መንገድ ላይ ሙዝ ገዛልኝ። እስካሁን ቱላ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቆርቆሮ በስንት እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ሚስማር ለየትኛው እንጨት እንደሆነ ከሰው ሁሉ በላይ ዐውቃለሁ፤ አጎቴ «ልጅቷ ጭንቅላት አላት» ይላል። ማሽኑ እዚያው ምሥራቅ፣ ክፍሌ ውስጥ ነው። ስሄድ አልከፍተውም። መጀመሪያ ላይ ሌላ ማስታወቂያ እፈልግ ነበር፤ አሁን አልፈልግም። አንዳንዴ ደንበኛ ጠፍቶ መደብሩ በር ላይ ስቀመጥ ያ ሥራ ትዝ ይለኛል፤ ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ መለካት ነበር። መለካቱን የሚጠይቀኝ የለም እንጂ፣ መጠበቁንስ እዚህም እጠብቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ብቻ አላውቀውም።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰዓት ተናግራ አታውቅም። አሞራ ገደል ላይ ቁጭ ብላ ስትገፍ አላፊ አግዳሚው «እናት፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲላት፣ ቢላዋን ታስቀምጣለች፣ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ ስልኳን ታወጣና ራሱ እንዲያነብ ወደ ፊቱ ትዘረጋለታለች።